የእትዬ ቁልፌ ቢጫ እርጎ

እትዬ ቁልፌ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ልግባ አልግባ እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ፣ አንዲት እጅ ከኋላ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው። ክው አሉ። ቦርሳቸው ውስጥ ባዶ የኪኒን ብልቃጥ ነበርና፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ ቦርሳውን ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

«እትዬ፣ ረሱኝ እንዴ?»

አልረሷትም። ደግሞስ እሷን ማን ይረሳታል! ከልብስ ስፌት ክፍላቸው በታች ባለው ፎቅ ያደገች ልጅ ናት። ካውያው ለምን ያፏጫል፣ ክሩ ለምን ይበጠሳል፣ ጋሼ ሲሰፉ ለምን ምላሳቸውን ያወጣሉ እያለች መድረሻ ስታሳጣቸው ለምኔ የሚል ስም ወጣላት፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። ያቺ ልጅ ዛሬ ተምራ፣ የደከመ እጅና እግርን በእንቅስቃሴ የምታበረታ ፊዚዮቴራፒስት ሆናለች። እትዬ ቁልፌ አገላብጠው ሳሟት፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ልባቸው የት እንደነበረ እንናገር። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከቅጥነታቸው የተነሳ ጋሽ መርፌ ተባሉ፤ ዛሬ ቦርጫቸው ከስፌት መኪናው ጠርዝ ጋር ግፊያ ቢገጥምም ስሙ አልለቀቃቸውም። ቁልፍ የሚተክሉትና ጠርዝ የሚዘመዝሙት ሚስትየው ስለሆኑ እሳቸው እትዬ ቁልፌ ሆኑ። ሁለቱም በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው አርጅተዋል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። የጋሽ መርፌ ጉልበት መገጣጠሚያ በዕድሜ ተጎድቶ ማበጥና መጠዝጠዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ያ ደረጃ በየጠዋቱ ፊታቸውን ያጠቁረው ጀመር።

በዚህ መሐል ነው አንድ ደንበኛ ለጉልበት ፍቱን ነው ብሎ ብልቃጥ ያመጣላቸው። ግሉኮሳሚን የሚባል፣ ለመገጣጠሚያ ይበጃል ተብሎ የሚሸጥ ነገርና እርድ ከተባለው ቢጫ ቅመም የተጨመቀ ዱቄት በአንድ ካፕሱል ታጭቆ ነበር። ጋሽ መርፌ ዋጡት፤ ተሻለኝም አሉ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያሞግሱት ከረሙና አንድ ቀን ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ትን አላቸው። ከዚያ በኋላ «ዳግመኛ በአፌ አይዞርም» ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። እትዬ ቁልፌ ለመኑ፤ ተቆጡ፤ አኮረፉ። ሰውየው ወይ ፍንክች።

እንግዲህ ሴትዮዋ ምን አደረጉ? በየጠዋቱ ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን እርጎ ላይ በተኑት፣ በማር አዋሃዱት፣ ለባላቸውም አቀረቡ። እርጎው ቢጫ መሆኑን ጋሽ መርፌ ሲጠይቁ፣ ማሩ ጠቆር ያለ ስለሆነ ነው ተባሉ። ጎድጓዳ ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ይልሱ ነበር። እትዬ ቁልፌም አታለልኩት ብለው አያውቁም፤ አከምኩት ነው የሚሉት።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ደግ ነበር። ጋሽ መርፌ ግን ከዓመታት በፊት እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶባቸው፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳሉ። በቅርቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲተኩሱ፣ ክንዳቸው ላይ ማንም ሳይመታቸው የበለዘ ነገር ታየ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ክሊኒክ ሲሄዱ ደማቸው ከሚገባው በላይ ቀጥኗል ተባለ። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ መርፌ ምንም የለም ብለው ማሉ፤ በእውነትም የሚያውቁት ይህንኑ ነበር። ሚስትየው አጠገባቸው ተቀምጠው ምላሳቸው ተሳሰረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም፤ ዛሬ ካፕሱሉ ሲያልቅ ሌላ ልግዛ ወይስ ልጠይቅ እያሉ ነው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የቆሙት።

እና አሁን ለምኔን ሲያዩ አምላክ የላካት መሰላቸው፤ ፈሯትም። ጥቂት ወዲህ ወዲያ ካሉ በኋላ፣ አንዲት ጎረቤት እንዳለቻቸው አስመስለው ጉዳዩን ሁሉ ነገሯት። ጎረቤቲቱ ባሏን በጣም ትወዳለች አሉ፤ ይህንንም ሦስቴ ደጋገሙት።

ለምኔ ፈገግ አላለችም። «እትዬ፣ ጎረቤትዎ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ትንገር» አለች።

«መድኃኒት እኮ አይደለም ልጄ። ሐኪም ያላዘዘው፣ ከምግብ የተገኘ ነገር ነው። ቅመም ደግሞ መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል?»

«ድስት ውስጥ የምትገባው ቁንጥር አትጎዳም። ተጨምቆ ካፕሱል ውስጥ የታጨቀው ግን ሌላ ነገር ነው። እርዱም ግሉኮሳሚኑም ደም ማቅጠኛ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ደሙን ይብስ እንዳቀጠኑ የተመዘገበ ነገር አለ። ሁሉም ሰው ላይ አይሆንም፤ የሆነበት ሰው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ሐኪሙ ሳያውቅ የደም ማቅጠኛውን መጠን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ፣ ሐኪሙና ጎረቤትዎ በጨለማ ገመድ ይጓተታሉ ማለት ነው።»

እትዬ ቁልፌ ጭንቅላት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቦርሳቸውን አጥብቀው ያዙ። ለጎረቤቴ እነግራታለሁ ብለው ሊለዩ ሲሉ፣ ለምኔ ነገ ከሰዓት የሚያሳጥሩልኝ ሱሪ ይዤ እመጣለሁ፣ ጋሼንም ናፍቄያለሁ አለች። እምቢ አይባል ነገር።

መድኃኒት ቤቱ ሳይገቡ ተመለሱ። ብልቃጡን መንገድ ዳር ያለ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ወረወሩትና ቀለል አላቸው። ከነገ ጀምሮ እርጎው ነጭ ይሆናል፤ ደሙም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ማንም ምንም አያውቅም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ስንቶቻችን ነን ጥፋቱን ካቆምን መናገሩ ምን ይፈይዳል የምንል! የተደበቀ ነገር ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ ሌላው ሰው ሳያውቅ በላዩ ላይ ሲጨምርበት ይገኛል። በዚያ ቤትም የሆነው ይኸው ነው።

በማግሥቱ ለምኔ ስትመጣ ጋሽ መርፌ ለሙሽራ የሚሆን ነጭ ቀሚስ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በእጅ እየሰፉ ነበር። ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ቋ አለና መልሰው ተቀመጡ። «አየሽ፣ መርፌው ዛገ» ብለው ሳቁ። ለምኔ እግራቸው ሥር ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ሲያጥፉትና ሲዘረጉት እያዳመጠች ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ምን ያህል እንደሚራመዱ ጠየቀች። ጋሽ መርፌ መራመድማ ካቆሙ ቆይተዋል። ክርም ውኃም ሚስታቸው ያቀብሏቸዋል። ወደ መስኮቱ መሄድ እንኳ ትተዋል።

«ለምን?» አለች፤ እንደ ልጅነቷ።

«ለምን ትለኛለች ደግሞ! የሚያልቅ ነገር ይቆጠባላ። የስፌት መኪናዬ ብረት እንኳ ሲፋተግ ያልቃል፤ ስለዚህ አሳርፈዋለሁ፤ ዘይት አጠጣዋለሁ። ጉልበቴንም እንደዚያው።»

«ዘይቱ ምንድን ነው ጋሼ?»

ጋሽ መርፌ ሚስታቸውን በጎን አየት አደረጉና፣ ስጦታ ሊሰጥ እንደተዘጋጀ ሰው ደስ ብሏቸው የመኪናውን መሳቢያ ሳቡ። ከክር ማጠንጠኛዎቹ መሐል አንድ ብልቃጥ አወጡ። እትዬ ቁልፌ ትናንት የወረወሩት ብልቃጥ መንትያ ነው፤ ግማሹ ጎድሏል።

«ይኸውልሽ ቁልፌ፣ አሸነፍሽኝ» አሉ። «ያን ደንበኛዬን ሌላ አምጣልኝ ብዬው፣ ከክሊኒክ ከተመለስን ወዲህ ጀምሬ ሳምንት አልፎኛል። ጠዋትም ማታም ነው የምውጠው። ደረጃውን ዘልዬ ስወጣ አይተሽ እንድትደነቂ ነበር የደበቅኩሽ።»

እትዬ ቁልፌ የያዙት ቁልፍ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሳውም። ለሳምንት እሳቸው በእርጎ፣ ባላቸው በመሳቢያ፣ አንዱን ነገር በእጥፍ በእጥፍ ሲያወርዱ ኖረዋል። የባላቸው የበለዘ ክንድ ዓይናቸው ላይ መጣባቸው።

ለምኔ ብልቃጡን አገላብጣ አነበበች፤ የበለዘ ክንዳቸውንም አይታ የጎረቤቲቱ ባል ማን እንደሆነ አረጋገጠችና ለሐኪሙ ነግረውት እንደሆነ ጠየቀች። ጋሽ መርፌ ሐኪም የሚነገረው መድኃኒት ነው እንጂ ይሄ የጤና ምግብ ነው አሉ። እሷም ትናንት ለእትዬ ቁልፌ ያለችውን በትሕትና ደገመችላቸው፤ ፊቷ ግን ጠንክሯል። ዛሬውኑ ክሊኒክ መሄድ እንዳለባቸው ስትነግራቸው ጋሽ መርፌ ተቆጡ።

«ልጄ፣ መማርሽ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ልብስሽን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ግን በገዛ ጉልበቴ ያየሁትን አትክጂኝ። ስወስደው ተሻለኝ። ስተወው ባሰብኝ። ይኸው ስጀምረው ደግሞ ገና በሳምንቱ ቀለል ብሎኛል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ልብ በሉ፣ ይህ ንግግር ቀላል ንግግር አይደለም። ስንቱ አስተዋይ ሰው በዚሁ ሚዛን መዝኖ ኪኒን ይገዛል፣ ለወዳጁም ይመክራል። ለምኔም አላቃለለችውም።

«ጋሼ፣ መሻልዎን አልክድም። ግን የጉልበት ሕመም ይነሳል፣ ይተኛል። ሰው ኪኒን ፍለጋ የሚሮጠው በጣም ሲብስበት ነው። ምንም ባይውጥም ከዚያ በኋላ ጋብ ማለቱ አይቀርም፤ ምስጋናው ግን ለኪኒኑ ይሄዳል። ደግሞም ይሻለኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሕመሙ በእውነት ይቀንስለታል። ስለዚህ አጥኚዎች ለግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ለግማሹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ኪኒን ይሰጣሉ። የትኛው እንደደረሰው ማንም አያውቅም።»

«እሺ፣ ምን ተገኘ?»

«ሁለቱም ወገን ተሻለን አለ። ግሉኮሳሚንን በሚገባ በመረመሩት ትልልቅ ጥናቶች፣ እውነተኛውን የወሰዱት ከባዶው ያላቸው ልዩነት ወይ የለም ወይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጠቀመ የሚሉ ጥናቶችም አሉ፤ አልዋሽዎትም። የእርዱ ነገርማ ለጥቂት ሳምንታት ሕመም ያስታግሳል የሚል ውጤት በተደጋጋሚ ታይቷል። ግን ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹን ያስጠናው ሻጩ ራሱ ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገውን፣ ያለቀውን የመገጣጠሚያ ልባስ መልሶ የሚያበቅል ካፕሱል ግን እስካሁን የለም። ደም ማቅጠኛ ለማይወስድ ሰው ሞክረው ካልጠቀመዎት ይተዉት ልል እችል ነበር። ለእርስዎ ግን ጥቅሙ አጠራጣሪ፣ ጉዳቱ ደግሞ ክንድዎ ላይ የሚታይ ነው።»

ጋሽ መርፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌውን እንደገና ጨርቁ ውስጥ እየሰደዱ፣ «ሰውን ሳያውቅ ማስዋጥ፣ ባዶውን እውነተኛ ማስመሰል፣ የላቦራቶሪ ጨዋታ ነው» አሉ። «የኔ የራሴ ነው። ስውጥ አውቃለሁ፣ ስተው አውቃለሁ። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ጨዋታ አልተደረገም።»

ይህን እያሉ መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው። ለልብስ ሰፊ ምንም አይደለም፤ ጣታቸውን ከነጩ ቀሚስ አርቀው መጥጠው ተዉት። ደሙ ግን መጣ። እንደገና መጠጡት፤ እንደገና መጣ። አንዲት ጠብታ ቀሚሱ ላይ አረፈች። የሰፊ ደም በሰፊው ምራቅ ይለቃልና፣ እንደ ልማዳቸው ክር አርሰው ነጥቧን አሸት አሸት አደረጉ፤ ነጥቧ ሳትጠፋ ሁለተኛዋ ከጎኗ ወደቀች። ለምኔ በቁራጭ ጨርቅ ጣታቸውን ጠቅልላ አጥብቃ ያዘች። ጨርቁ ቀስ እያለ ቀላ።

እትዬ ቁልፌ ጨርቁ ሲቀላ እያዩ ቆሙ። ይህ ሰው በመርፌ ቀዳዳ ፈስሶ ሊያልቅብኝ ነው ብለው አሰቡ። ፍርሃቱ ከእፍረቱ በለጠ።

«ተደርጓል» አሉ።

ጋሽ መርፌ ቀና አሉ። «ምኑ?»

«ጨዋታው። እዚህ ቤት ተደርጓል። ኪኒኑን አቋርጠህ አታውቅም። ተውኩት ካልክበት ቀን ማግሥት ጀምሮ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ፣ እርጎህ ውስጥ እየበተንኩ አበላሁህ።»

ጋሽ መርፌ በደህናው እጃቸው ቀሚሱን ከጭናቸው ገፋ አደረጉ።

«ያ ቢጫው» አሉ ጋሽ መርፌ ቀስ ብለው።

«ማሩ አልነበረም።»

ጋሽ መርፌ ነገሩን እንደ ሱሪ እግር ከላይ እስከ ታች ለኩት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ቁጣ መጣ፤ ከቁጣው ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር። «እንግዲያ ባሰብኝ ስል» አሉ፣ «ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩ ቀን... እየበላሁት ነበር ማለት ነው?»

«በየቀኑ።»

«አውቄ ስውጠው ተሻለኝ። ሳላውቅ ስበላው ባሰብኝ።»

ለምኔ ያን ሁሉ ስለ ጥናት የተናገረችውን ከዚህ ከአንድ ሰው ጉልበት ጋር አስተካክላ ማየት እንደሌለባት ታውቃለች፤ የአንድ ሰው ነገር ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ለእሳቸው ግን ማስረጃዬ ብለው የቆሙበት መሬት ከሥራቸው ሄዷል። ከበርጩማዋ ተነስታ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሲመለሱ ይነጋገሩበታል፣ አሁን ብልቃጡን ይዘን እንሂድ አለች። ጋሽ መርፌ የመለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መኪናው ላይ አስቀመጡ። በአንድ ክንዳቸው ለምኔን፣ በሌላው የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ወረዱ። ሚስታቸውን አልያዙም።

ክሊኒክ ደማቸው ተመረመረ፤ ውጤቱን ያየው ሐኪም ቶሎ ቶሎ መራመድ ጀመረ። እትዬ ቁልፌ ሐኪሙ ሳይጠይቃቸው ሁሉንም ተናገሩ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል፣ በምን እንደሚያቀላቅሉት። ሐኪሙ አልገሠጻቸውም፤ ይህን ቀደም ብለው ነግረውን ቢሆን ብሎ ጀመረና ፊታቸውን አይቶ ተወው። የደሙን መቅጠን የሚያስቆም መርፌ ተወጉ፤ እስኪረጋጋም እዚያው እንዲቆዩ ተባለ። ባልና ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ቁልፌ ባላቸው ቢቆጧቸው ይሻላቸው ነበር፤ ሰውየው ግን የታሸገ ጣታቸውን ያዩ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ መርፌ፣ «ቁልፌ» አሉ፣ «እምቢ ብዬ ጥፋተኛ ብሆን እንኳ፣ እምቢታው የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለሐኪሙ በሐሰት አስማልሽኝ።»

«ፈራሁ» አሉ እትዬ ቁልፌ። «ደረጃው ሲያቅትህ፣ ቤት ስትውል፣ ብቻዬን ፊት ለፊትህ ያለውን ባዶ ወንበር እያየሁ ቁልፍ ስተክል ታየኝ። ከዚያ ሁሉ ማታለሉ ቀለለኝ።» አለቀሱ። ጋሽ መርፌ የታሸገ ጣታቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ፣ በደህናው እጃቸው የሚስታቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። ይቅር አልኩሽ ግን አላሉም፤ ለዚያ ገና ነበሩ።

ለምኔ ከዚያ በኋላ በሥራ ክፍሉ ተመላለሰች። ጋሽ መርፌን ወንበር ላይ አስቀምጣ እግራቸውን ዘርግተው አየር ላይ እንዲያቆዩ፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር እንዲነሱ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲራመዱ አደረገች። መጀመሪያ አመመኝ፣ ልትጨርሰኝ ነው ብለው አጉረመረሙ፤ ስለ መኪናው ብረት ማለቅም ደገሙላት። እሷ፣ ታዲያ ዓመት ሙሉ ሳይሠራበት የቆመ መኪና ሲያመጡልዎ እንዴት ሆኖ ያገኙታል አለቻቸው። ጋሽ መርፌ ያውቁታል፤ ዘይቱ ደርቆ፣ ጥርሱ ተጣብቆ፣ መንኮራኩሩ እምቢ ብሎ ነው የሚመጣ። ሕይወት ያለው አካል ደግሞ ከመኪናም ይሻላል፤ በልኩ ሲሠራበት ጡንቻው ይጠነክራል፣ መገጣጠሚያውንም ይሸከምለታል። ይህን ሲሰሙ እግራቸውን ዘረጉ።

ጥቅሙንም ሳንሸፋፍን እንናገር። ጉልበታቸው እንደ ወጣትነታቸው አልሆነም፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ይጠዘጥዛቸዋል። ነገር ግን ጭናቸው ጠነከረ፤ ቦርጫቸው ትንሽ ቢሸሽ ጉልበታቸው የሚሸከመው ቀነሰ። ሲብስባቸው ሐኪሙ አይቶ የፈቀደውን ቅባት ይቀባሉ። ደረጃውን በየፎቁ እየቆሙ፣ ከጎረቤት ጋር እየተቀላለዱ ይወጣሉ። የበለዘው ክንዳቸው ጠራ። ሐኪም ሲጠይቃቸውም ቅመምም ይሁን ካፕሱል፣ ሰው የሰጣቸውም ይሁን ራሳቸው የገዙት፣ ሳይደብቁ ይዘረዝራሉ፤ እትዬ ቁልፌም አጠገባቸው ሆነው የረሱትን ያስታውሷቸዋል። ካፕሱል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ቢያጋጥማቸው፣ ጋሽ መርፌ አመስግነው ይመልሱና ጉልበት የሚያማው ከሆነ ወንበር ላይ አስቀምጠው እግሩን ያዘረጉታል።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ድሮው ሳይሆን ቀረ። ጠዋት እትዬ ቁልፌ እርጎና ማር ሲያቀርቡ፣ ጋሽ መርፌ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። እርጎው ነጭ ነው። ከክሊኒክ ከተመለሱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጠዋት፣ ሳህኑን አዙረው አይተው ማንኪያውን ሳያነሱ ቆዩ፤ ያን ጊዜ እትዬ ቁልፌ ምንም ሳይናገሩ ማንኪያውን አንስተው የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሳቸው በሉ። በማግሥቱም በሉ። ጋሽ መርፌ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ይሄን ተይው አሏቸው፤ እሳቸው ግን አልተዉም። አሁን ሁለት ማንኪያ ይዘው ነው የሚቀርቡት፤ አንዱን ሳህን ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው ይጨርሱታል።